ነጩ ግድግዳ ለምን ግራጫ መሰለ?

ጥያቄ፦ ሳሎናችን ጨለም ስለሚል ነጭ ቀለም አስቀባነው። ጭራሽ ግራጫ መሰለ! ቀለሙን ልቀይር ወይስ የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ ልጥራ?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ይተዉት። ነጭ ቀለም ያገኘውን ብርሃን ይመልሳል እንጂ ከየትም አያመጣም። መጀመሪያ መጋረጃዎን ይዩ። ዘንጉ ከመስኮቱ እኩል ከሆነ፣ መጋረጃው ተከፍቶም የመስታወቱን ዳርና ዳር ይሸፍናል። በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚያልፍ ዘንግ ያሰቅሉ፤ ጨርቁ ሲሰበሰብ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ መስታወቱም ሙሉ በሙሉ ይገለጣል። ቀጥሎ አምፖሉ፦ ማሸጊያው ላይ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ወደ ቢጫ ያደላል፣ 4000 የሚለው ነጣ ይላል። እኔ ለሳሎን 3000 እመርጣለሁ፤ 4000 ቢሮ ቢሮ ይለኛል። ባለሙያ የሚያስፈልግዎ ግድግዳ ለማፍረስ ወይም የመብራት መስመር ለማዛወር ሲያስቡ ነው፤ ያኔም ግንበኛው ከመግባቱ በፊት ይጥሩት።