«ድርጭቶቹን ያስወጡ ወይም ቤቱን ይልቀቁ»

ጥያቄ፦ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ሦስት ትንንሽ ድርጭቶች አሉኝ፤ አንድ ወንድና ሁለት ሴት። በረንዳው ላይ ሰፊ የሽቦ ቤት ሠርቼላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አከራዬ ደብዳቤ ሰጠኝ። «በውላችን መሠረት ዶሮም ሆነ ሌላ እንስሳ ማርባት ክልክል ስለሆነ በ10 ቀን ውስጥ ያስወጡ፤ አለዚያ ቤቱን ይልቀቁ» ይላል። የጎን ጎረቤቴም ገና ሳይነጋ በጩኸታቸው እንደሚነቃ ነግሮታል። እኔ ግን ለማርባት አይደለም የያዝኳቸው፤ ስለምወዳቸው ነው። በዚህ ሊያስወጣኝ ይችላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ደብዳቤው እንዳስደነገጠዎት ይገባኛል። ነገር ግን በ10 ቀን ብዙ መሥራት ይቻላል። የት አገር እንዳሉ ስላልገለጹ፣ በአብዛኛው ቦታ የሚሠራውን ነው የምነግርዎ።

ውሉን ያውጡና ያንን አንቀጽ ቃል በቃል ያንብቡት። ደብዳቤው እንደሚለው ከሆነ የተከለከለው «ማርባት» ነው። ማርባትና ማኖር ለየቅል ናቸው። ማርባት ማለት ማስፈልፈል፣ ማብዛት፣ ብዙ ጊዜም መሸጥ ነው። ሦስት ወፍ ቤት ውስጥ ማኖር ያ አይደለም። የውል ቃል ሁለት ትርጉም ሲኖረው፣ በብዙ አገር ሕግ አሻሚው ቃል ውሉን ባረቀቀው ወገን ላይ ይተረጎማል። ውሉን ያዘጋጀው አከራይዎ ከሆነ ይህ ለእርስዎ ጥሩ መከራከሪያ ነው።

ይሁንና አንድ ቀዳዳ አለው፤ እሱም ወንዱ ድርጭት ነው። የአከራይዎ ጠበቃ «ለማርባት ካልሆነ ወንዱ ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሴቶቹ ያለ ወንድም እንቁላል ይጥላሉ። ወንድ ካለ ግን እንቁላሉ ሊፈለፈል ይችላል፤ ከ16 እስከ 18 ቀን ሙቀት ይበቃዋል። ስለዚህ እንቁላሉን በየቀኑ ያንሱ። ማስፈልፈያ ማሽን ቤትዎ እንዳይገባ። እንቁላል ለጎረቤት አይሽጡ፣ ለአንድም ሰው ቢሆን። አንዲት ትንሽ ሽያጭ ክርክርዎን ገደል ትከተዋለች።

ጎረቤትዎን የሚቀሰቅሰውም በአብዛኛው ወንዱ ነው። እኔን ከውሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ውሉ ላይ ብናሸንፍ እንኳ ጎረቤት በራሱ መብት መክሰስ ይችላል። ሕጉ ጎረቤት መጠነኛ ድምፅና ሽታ እንዲችል ይጠብቅበታል፤ ከልክ ያለፈውን ግን አይደለም። በየቀኑ ከንጋት በፊት የሚመጣ ጩኸት ደግሞ ከልክ አልፏል ለማለት ይቀላል።

እስቲ ዛሬ ማታ በረንዳው ላይ ይቁሙ። የመንገድ መብራት የሽቦ ቤቱ ላይ ያርፋል? የሽቦ ቤቱ ጀርባ የጎረቤትዎን መኝታ ቤት ግድግዳ ይነካል? ወንድ ድርጭት ብርሃን በረዘመለት ቁጥር አብዝቶ ይጮኻል። የሽቦ ቤቱን ወደ ውስጥ ያስገቡት፣ ከጋራው ግድግዳ ያርቁት፣ ሌሊት አየር በማይከለክል ጨርቅ ያጨልሙት። ወንዱን ብቻውን ሌላ ክፍል ውስጥ እንዳይዘጉበት ግን አደራ። ሴቶቹን ሲያጣ እየተጣራ ይብስበታል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ወንዱን ለሚንከባከበው ሰው ቢሰጡት ይሻላል። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን «እያረቡ ነው» የሚለውም፣ «ጮኸ» የሚለውም ክስ አብሮት ይወጣል።

አንድ ደንበኛዬ በጩኸት ሳይሆን በጉዝጓዝ ነው የተረታው። ኩስ ያለበትን ሰጋቱራ በከረጢት አስሮ ደረጃው ላይ ያሳድር ነበር። ጎረቤቶቹ ያቀረቡት የዚያን ከረጢት ፎቶ ነው። እርስዎ ጉዝጓዙን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ ጥብቅ አድርገው አስረው በዚያው ሰዓት ያውጡት። የሽቦ ቤቱን ንጽሕናም ቀኑን በሚያሳይ ፎቶ ይያዙ።

ሌላው የሕንፃው መተዳደሪያ ደንብ ነው። አከራይዎ ራሱ ለደንቡ ይገዛል፤ ስለዚህ እሱ ቢፈቅድልዎ እንኳ ደንቡ ሊከለክል ይችላል። ቅጂውን ጠይቀው ይውሰዱ።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ነው። ድርጭት ትንሽ ብትሆንም በብዙ አገር ሕግ የምትመደበው ከካናሪና ከበቀቀን ጋር ሳይሆን ከዶሮ ጋር ነው። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውና እስከ 2021 የሠራው የዶሮና የሚፈለፈል እንቁላል ንግድ መመሪያ ድርጭትን ከዶሮ፣ ከዳክዬና ከቱርክ ዶሮ ጎን በስም ዘርዝሯት ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንዲት ወፍ ያለው ሰው ጭምር መመዝገብ አለበት። ቤት ውስጥ ብቻ ለሚኖሩ በቀቀኖችና እንደ ካናሪ ላሉ ዘማሪ ወፎች ምሕረት ተደርጓል፤ ለድርጭት አልተደረገም። ስለዚህ «ትንሽ የጌጥ ወፍ ናት» በሚል ብቻ አይተማመኑ። ወደ አካባቢዎ የእንስሳት ጤና ቢሮ ደውለው ድርጭትን በስሟ ጠርተው ይጠይቁ። የገዙበትን ደረሰኝም ይፈልጉት። የዱር ድርጭትና የቤቷ በጣም ይመሳሰላሉ፤ የዱሯን መያዝ ደግሞ በብዙ ቦታ ለብቻው ያስጠይቃል።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ደብዳቤ በራሱ ማንንም ከቤት አያስወጣም። በብዙ አገር አከራይ ተከራይን ለማስወጣት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ቁልፍ ቢቀይር ወይም ውኃ ቢቆርጥ ጥፋተኛው እሱ ይሆናል። ፍርድ ቤቶችም ብዙ ጊዜ የሚመዝኑት የደረሰውን ጉዳት ነው። የጀርመን ከፍተኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ከጌጥ ወፍና ከዓሣ በቀር ለማንኛውም እንስሳ የአከራይ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚልን የውል አንቀጽ ሽሮታል፤ ማንንም የማይረብሹ ሌሎች ትንንሽ እንስሳትንም ስለሚያካትት ነው። ያ ፍርድ እርስዎ ያሉበትን ዳኛ አያስገድድም፤ ነገሩ በምን ዓይን እንደሚታይ ግን ያሳያል።

ዝም ማለት ግን አያዋጣም። ከ10ኛው ቀን በፊት ለአከራይዎ በጽሑፍ ይመልሱ። አጭር ይሁን፤ እንዲህ ቢሉ በቂ ነው፦ «ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ያሉኝ ሦስት ወፎች ናቸው፤ አላረባም፣ አልሸጥም። ቅሬታውን ለማስቀረት የሽቦ ቤቱን ወደ ውስጥ አስገብቻለሁ። መጥተው እንዲያዩ እየጋበዝኩ፣ እንዳኖራቸው የጽሑፍ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።» ቀን ጽፈው ይፈርሙበት። ሲሰጡት ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርምልዎ፤ እምቢ ካለ በአደራ ፖስታ ይላኩት። ጎረቤትዎን ደግሞ ዛሬውኑ በሩን አንኳኩተው «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚቀሰቅስዎ?» ብለው ይጠይቁት። የሚነግርዎትን ሰዓት ይጻፉት፤ ለእኔም ይላኩልኝ።