ስለ ስደት ለምትዘፍኑ የድሬ ልጆች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከዚራ ሰፈር ቡና እየጠጣሁ አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀመጠ። «አቦ ጋሼ፣ ስለ ስደት ዘፈን እየሠራን ነው። መልእክቱን በግልጽ ብንናገረው አይሻልም? ሰምና ወርቅ ምናምን ዛሬ ማን ይፈታዋል?» አለኝ። የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ካሴት ትዝ አለኝ።

የድምፅ ሥራ የጀመርኩት ሠርግ በመቅዳት ነው። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ አፈሳው ስንቱን ቤት ወንድ ልጅ አሳጣው። በዚያ ሰሞን ገንደ ቆሬ ሠርግ ተጠራሁ። ቴፔን ከሙቀቱ ሸሽጌ ወንበር ሥር አስቀመጥኩት። ድንጋዩ እንዳያልቅብኝ በየመሃሉ አጠፋው ነበር። ያኔ ባትሪ ድንጋይ ውድ ነው፤ ካሴቱም ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣው ነበር የሚሻለው።

ሴቶቹ ግጥም እየተቀባበሉ ይጨፍራሉ። አንዲት የሰፈር እናት ከበሮውን ተቀበለች። ልጇን ከደጃፏ ነው ያፈሱባት። ወደ ሙሽራው እናት ዞራ እንዲህ አለች፦

እልል በይ ጎረቤት ያንቺስ ቤት ሞልቷል፣
የእኔ ልጅ ሸበጡ ደጃፍ ላይ ቀርቷል።

እልልታው ቀጥ አለ። ከበሮው ግን አልቆመም። ተቀባዮቹ አንገታቸውን ደፍተው መለሱላት። እሷም ደገመችው። የቀበሌው ሰው እዚያው ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። ምን ብሎ ይያዛት? ስለ መንግሥት አንዲት ቃል አልወጣትም። የተናገረችው ስለ ሸበጥ ነው። ግን ያልገባው ሰው አልነበረም።

እንግዳው ሲበተን አባወራው ካሴቱን ለመኑኝ። «ልጄ፣ ለእሷም ለእኛም አይበጅም» አሉ። ሰጠኋቸው። የቡናው ከሰል ላይ ጣሉት። እሳቸውን አልወቅስም፤ የሚያሳድሩት ቤተሰብ ነበራቸው። ግን ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ሌሎች ስንኞችም ብላ ነበር። እኔ ዘንድ የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ድምፅዋንማ ከየት አመጣዋለሁ?

ድሬ ሠርግን እንዲህ ስትጠቀምበት ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1950ዎቹ የአፈረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ልጆች በኦሮምኛ አደባባይ ወጥቶ መዝፈን በማይታሰብበት ጊዜ በየሠርግ ቤቱ ይዘፍኑ ነበር። በኋላ ታገዱ፤ የታሰሩም አሉ። በ2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራ በልጅነቱ ከዚያ ቡድን ነው የወጣው። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ ዘፍኗል። የፍቅር ዘፈን እንኳ በታፈነ ቋንቋ ሲዘፈን ትግል ነው። ይህን ለድሬ ልጅ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አሁን አሁን የምሰማው ሌላ ነው። ቢቱ መጀመሪያ ይሠራል፤ ግጥሙ መጨረሻ ላይ ይለጠፍበታል። አንዳንዱ ደግሞ የሌላውን ብሔር እየጎነተለ «ታጋይ ነኝ» ይላል። እኔ ይህን ትግል አልለውም። ጎረቤቱን የሚያስቀይም ዘፈን ለማን ሊጠቅም ነው?

ሁሌም ሸፍኑት ማለቴም አይደለም። ጥላሁን ገሠሠ ስለ ወሎ ረሃብ ሲዘፍን ረሃብን ረሃብ ብሎ ነው የጠራው፤ አገር አልቅሶበታል። ስለዚህ ያ ልጅ በግልጽ እንናገር ያለው ልክ ሊሆን ይችላል። እኔን የቸገረኝ ግልጽነቱ አይደለም። ያዜመልኝ አዝማች ውስጥ ሰው አጣሁበት። «ስደት ክፉ ነው፣ ወጣቱ ይንቃ» ይላል። ይህን ሬዲዮም ይለዋል።

አዝማቹን አውጡት። በጅቡቲ በኩል የሄደ የሰፈራችሁ ልጅ አይጠፋም። እናቱ ቤት ሂዱና ቡና ጠጡ። አልጋው ላይ አሁን ማን ይተኛል? የማታውቀው ቁጥር ሲደውል ማን ያነሳዋል? አትቸኩሉ፤ ስትፈልግ ትነግራችኋለች። ከፈቀደች በስልካችሁ ቅዱት። ቅጂውንም አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡት፤ አንዱን ለእሷ ስጧት፣ አንዱን ለእኔ አምጡልኝ።