«የቤት እመቤት ነበረች» ተብላ ስለታለፈች ቅድመ አያት

ልጄ፣ የቤተሰባችሁን የትውልድ ሐረግ ስትጽፊ ስለ ቅድመ አያትሽ «በመንዝ ገጠር የኖረች የቤት እመቤት» ከሚል በቀር የሚጻፍ እንዳላገኘሽ ገልጸሽ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1900ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያለች ሴት ቀኗን በምን ታሳልፍ እንደነበር ጠይቀሻል። እኔ ያደግኩት እዚያው መንዝ፣ በአያቴ እጅ ነው። አያቴ ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት የሸዋ ጦር ከወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጋር በተዋጋበት በሰገሌ ጦርነት ነበር፤ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደረግ የወተት ጥርሳቸው ገና እየተነቀለ እንደነበር ይናገሩ ነበር። ስለዚህ የምጽፍልሽ ከፊሉ ስለ እናታቸው የነገሩኝ፣ ከፊሉ እርሳቸው ሲሠሩት ያየሁት፣ ከፊሉም በልጅነቴ በገዛ እጄ የሠራሁት ነው።

ከሁሉ አስቀድመሽ ወፍጮውን አስቢ። በአካባቢያችን የሞተር ወፍጮ ከመግባቱ በፊት ቤተሰቡ የሚበላው እንጀራና ቂጣ፣ የጠላው ብቅል ሳይቀር፣ ሁሉም በሴቲቱ ወገብና ክንድ ያልፍ ነበር። በዚህም ምክንያት ቀኗ የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ሳይሆን ዶሮ ሲጮኽ ነው። በጨለማ ተነሥታ፣ ማታ በአመድ የዳፈነችውን ፍም ገልጣ እሳት ታያይዛለች፤ ከዚያም ወፍጮው ላይ ትጎነበሳለች። አገሩ ደጋ ስለሆነ ዋናው እህል ገብስ ነው፤ ገብስ ደግሞ ከጎተራ ወጥቶ በቀጥታ አይፈጭም። አስቀድሞ ውኃ ነክቶት በሙቀጫ ይፈተጋል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ገለባው በሰፌድ እየተበጠረ ይወጣለታል፣ ከዚያ በኋላ ነው መጀመሪያ ተሸርክቶ ሁለተኛ የሚደቅቀው። ለነገ የሚጋገረው ዱቄት እንግዲህ የትናንት ወዲያ ሥራ ጭምር ነበር።

መጅ፣ ማለትም በእጅ የሚገፋውን የላይኛውን የወፍጮ ድንጋይ፣ የጨበጥኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። በክንዴ ብቻ ስገፋው እየዘለለ ጣቴን ላጠኝ። አያቴ ከኋላዬ ቆመው መዳፋቸውን በእጄ ላይ ጫኑና «በክንድ አይፈጭም፤ በወገብ ነው» አሉኝ። ወደ ፊት ስትሄጂ የሰውነትሽን ክብደት ትጥይበታለሽ፣ ስትመለሺ ታቀልይዋለሽ፣ በመካከሉም በግራ እጅሽ ጥቂት ጥቂት እህል ትጨምሪያለሽ። ዱቄቱ ሞቅ ብሎ ሲወርድ ያለው ሽታ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ድንጋዩ ሲለሰልስ ደግሞ መወቀር ነበረበት፤ በተወቀረ ማግስት የሚወጣው ዱቄት ከአሸዋ ጋር ስለሚደባለቅ፣ አያቴ መጀመሪያ የሚፈጩበት ለሰው የማይቀርብ ግርድ ነበር።

ወፍጮው ካበቃ በኋላ ውኃ በእንስራ ከምንጭ በጀርባ ይመጣል፣ ጋጡ ይጠረጋል፣ እበቱ በመዳፍ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል። በመንዝ ዛፍ ብርቅ በመሆኑ ምድጃው የሚነደው በአብዛኛው በኩበት ነው፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የጓዳው ጭስ ዓይን አያስገልጥም ነበር። ስለ ወጡ፣ ስለ ጠላው፣ ስለ ልጆቹ አላረዝምብሽም፤ ይህን ከቤተሰብሽም ትሰሚዋለሽ።

ከሰዓት በኋላ «አረፍ» ስትል እጇ ላይ እንዝርት አለ። በጎቻችን የሚሰጡትን ጸጉር አጽድታና አባዝታ የምትፈትለው ሴቲቱ ስትሆን፣ ባናውንና ዝተቱን የሚሸምነው ወንድ ነው። የመንዝ ባና ሲሞገስ የሚነሣው ሸማኔው ነው፤ ክሩ ግን የእርሷ መሆኑን በሐረጋችሁ ላይ ብትጽፊው ደስ ይለኛል።

በዓል ሲሆን ወፍጮም እንዝርትም አይነካም። ሰንበቱን ትተሽ በወር ውስጥ የሥላሴን፣ የሚካኤልን፣ የማርያምን፣ የበዓለ እግዚአብሔርን ቀን ብትቆጥሪ፣ ዕረፍቱ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በዓሉ ሥራውን አያስቀረውም፤ በዋዜማው ሌሊት ላይ ይደርበዋል። ይህን የቀን አቆጣጠር አሳስታ በበዓል ቀን ዱቄት ያለቀባት ሴት ከጎረቤት ትበደራለች፣ ብድሩም በልክ ይመለሳል።

ለሰገሌ አባታቸው ሲጠሩ እናታቸው የፈጩትን ስንቅ አያቴ በየጊዜው ያነሡት ነበር። ገብሱ ተቆልቶ ለበሶ ሲፈጭ ሦስት ሌሊት የመጁ ድምፅ እንዳልተቋረጠ፣ እርሳቸውም ከእናታቸው ጎን ቁርበት ላይ ተኝተው በዚያ ድምፅ እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደነበር ይናገሩ ነበር። ስለ ጦርነቱ የተጻፈው የመኳንንቱን ስም ይዘረዝራል፤ የወታደሩን ስንቅ ማን እንደፈጨው ግን እኛ ካልጻፍነው የሚጽፈው የለም።

«የቤት እመቤት» የሚለው ቃል ደግሞ በዚያ ዘመን ትርጉሙ ከባድ ነበር። ጎታው የእርሷ ነው፤ ከጭቃና ከጭድ የምትሠራውም፣ አፉን የምትመርገውም፣ የምትከፍተውም እርሷ ናት። ነሐሴ ላይ እህሉ ሲያሽቆለቁል በቁና እየሰፈረች፣ ለዘር የተለየውን ሳትነካ፣ እስከ አዲሱ እህል ስንት አፍ እንደምታደርስ ታሰላ ነበር። አባወራው የሚዘራውን ያውቃል፤ የሚበላው እስከ መቼ እንደሚያደርስ የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች።

ወደ አገር ቤት የምትሄጂ ከሆነ የቅድመ አያትሽን ወፍጮ ጠይቂ። ቤቱ ቢፈርስም ድንጋዩ ከባድ በመሆኑ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። የአያቴ ወፍጮ መካከሉ ተበልቶ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል፤ ያንቺም ከተገኘ መዳፍሽን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገሽ ፎቶ አንሺውና ከስሟ ጎን አኑሪው።