ከጅቡ በፊት መዥገሩን ፍሪለት

እህቴ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ እንደተዛወርሽ ጽፈሽ፣ ክረምቱ ሲወጣ ውሻሽን ደጅ ላይ ከምን ልጠብቀው ብለሽ ጠይቀሻል። ሁሉም የመለሰልሽ ስለ ጅብ ነው። አቦ፣ ጅቡስ ማታ በሩን ከዘጋሽው አይገባም። ያንቺም ውሻ እንደኔው ቡቺ ከደጋ የመጣ፣ ግቢ ውስጥ ተፈትቶ የሚውል ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. መዥገር። መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ሳሩ ሳይደርቅ፣ ማታ ማታ ፈትሺው። ጀርባውን ደባብሶ መተው አይበቃም። ጆሮው ውስጥ፣ የአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ጣቶቹ መሃል እይ። ስታገኚ በወረንጦ ቆዳው ጋ ያዢና ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። በጣትሽ አታፍርጪው፣ አልኮል ውስጥ ጨምሪው። ጎረቤት ናፍጣ ቀቢው ወይም የከብት መድኃኒት በጥብጠሽ አፍስሺበት ቢልሽ እንዳትሰሚ። ይልሰዋል፣ ይመረዛል። ለውሻ የተሠራውን በክብደቱ ልክ ግዢ። ማደሪያውንም አጽጂ፤ መዥገሯ በሺ የሚቆጠር እንቁላሏን የምትጥለው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

2. ሲደክም አትጠብቂ። ቡቺ መጀመሪያ ሥጋ እምቢ አለ። ሥጋ! ቀጥሎ አተኮሰው። ከዚያ ካንዱ አፍንጫው ደም ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ድዱን ገልጬ ሳየው ወረቀት መስሏል። ተሸክሜ እንስሳት ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «የደም ምርመራ? ለውሻ? ለሰውም አልተረፈ!» አለኝ። የቫይታሚን መርፌ ወግቶ ሸኘን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንስሳ ሊያክም ደመወዝ የሚበላ ሰው እንዴት ደም የሚፈሰውን እንስሳ ዞር ብሎ አያይም? ሌላ ቦታ ያገኘኋት ወጣት ሐኪም ግን ድዱን እንዳየች ጠርጥራ ደሙን አስመረመረችው። መዥገር የሚያስተላልፈው ኤርሊኪያ የሚባል ባክቴሪያ ነበር። ዶክሲሳይክሊን ለአራት ሳምንት አዘዘችለት። ውሻው በጥቂት ቀን ስለሚነቃ ብዙ ሰው ኪኒኑን ያቋርጣል። እኔ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ከምግብ ጋር ሰጠሁት። ዛሬ ቡቺን በር ላይ አልፎ የሚገባ የለም!

3. ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስታንሸራሽሪው ገመዱን አትልቀቂ። አጥንት፣ ፌስታል፣ አንዳንዴም የተመረዘ ሥጋ ይጣላል። ከተንቀጠቀጠ ወተትም ዘይትም አትጋቺው፣ ወደ ሐኪም ሩጪ። መስከረም ላይ ደግሞ ተራራው ከጠቆረ ከአሸዋው ውጪ፤ በ1998 ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ጎርፍም ከላይ ከደጋው የወረደ ነው። እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱ መዳፉን ያቃጥለዋል፣ በጠዋት አውጪው።

የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ አስከትቢ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሰፈርሽን ጻፊልኝ፣ ሐኪሟ ያለችበትን በውስጥ እልክልሻለሁ።