በ39 ዓመቴ ሥዕል ልማር?

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰንብተዋል? አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። ዕድሜዬ 39 ነው። ደብረ ብርሃን እኖራለሁ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ እሠራለሁ።

ያደግኩት መንዝ ነው። እናቴ የበግ ፀጉር ስትፈትል እኔ አጠገቧ ሆኜ ግድግዳው ላይ በከሰል እሥል ነበር፤ ትቆጣኛለች፣ ግን አታጠፋውም። ትምህርት ቤት ለመምህራኖቻችን የሰውነት ክፍሎችን በትልቅ ካርቶን የምሥልላቸውም እኔ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስለ ሥዕል ያነሳልኝ ሰው የለም። አካውንቲንግ ደረሰኝ፣ ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ልጆቹ ሲተኙ መሣል ጀምሬያለሁ። ከስልኬ ላይ ፎቶ እያየሁ የሰው ፊት እሥላለሁ። ሰውየውን ይመስላል፣ ግን ሕይወት የለውም። ምን እንደጎደለው አይገባኝም። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን «ይሄ ልጅ እያሉ የሚጀመር ነገር ነው፤ አሁን ከልጆች ጋር ክፍል ልትቀመጪ ነው?» አለኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ «ሠዓሊዋ» ይሉኛል፤ የምር ይሁን ፌዝ አይለይልኝም። እኔ ግን ሥራዬን ለቅቄ፣ አዲስ አበባ ሄጄ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልግባ የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል። ትንሽ ቁጠባ አለኝ። ምን ይሉኛል?

አክባሪዎ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሴን ላስቀድም፦ ሥራሽን አትልቀቂ፣ ሥዕሉንም አትተዪ። አሁን የሚያስፈልግሽ ማንም የማይነካብሽ ሰዓት እና ሥራሽን አይቶ እውነቱን የሚነግርሽ ሰው ነው። ሁለቱንም እዚያው ደብረ ብርሃን ሆነሽ ፈልጊ።

ያሰብሽው ትምህርት ቤት ትልቅ ቤት ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ፣ ብዙ ስመ ጥር ሠዓሊዎቻችን ያለፉበት። ግን ቀኑን ሙሉ የሚፈልግ፣ ዓመታት የሚወስድ የዲግሪ ትምህርት ነው። ከእናንተ ዘንድ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ተመላልሰሽ አትዘልቂውም። ያለ ደሞዝ፣ ከልጆችሽ ርቀሽ፣ የቤት ኪራይ እያሰብሽ ብትገቢበት የምትወጂውን ነገር እንዳትጠዪው እፈራለሁ። ትምህርት ቤት ሥዕል ማስተማር ከፈለግሽ ዲግሪው ሊያስፈልግሽ ይችላል፤ ለመሣል ግን ማንም ወረቀት አይጠይቅሽም። ደግሞም አንድ ቀን ልግባ ብትዪ የሚታየው እጅሽ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ የምትሠሪው ንድፍ ለዚያም ይጠቅምሻል።

የባለቤትሽን ነገር ላንሳ። የአንኮበሩ አፈወርቅ ተክሌ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሥዕልን መረጡ፣ በኋላም የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት ሠሩ። ግን ያኔ ገና ወጣት ነበሩና ለአንቺ ማስረጃ አላደርጋቸውም። ላንቺ የሚቀርብሽ ፈረንሳዊው አንሪ ሩሶ ነው። ፓሪስ ውስጥ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር፤ የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1886 ሥዕሎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ 42 ዓመቱ ነበር፣ ሃያስያንም ሳቁበት። ሥራውን የተወው በ49 ዓመቱ ነው፤ እስከዚያ በደሞዙ እየኖረ በትርፍ ሰዓቱ ይሥል ነበር። ዛሬ ሥዕሎቹ በፓሪስና በኒውዮርክ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ «ሕይወት የለውም» ያልሽው። እዚህ ላይ ዓይንሽ ትክክል ነው፣ በዚህም ደስ ብሎኛል፤ ጉድለቱን ማየት የቻለ ሰው ይማራል። ምክንያቱ ፎቶው ነው። ካሜራው ጥልቀቱን አስቀድሞ ጨፍልቆታል፤ በፍላሽ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ጥላው ሁሉ ጠፍቷል፤ አንቺ የምትገለብጪው የተዘጋጀ መስመር ነው። ስልኩን ለጊዜው አስቀምጪው። ጀበናሽን ማቶቱ ላይ አስቀምጪና በአንድ ጎን ከመስኮት ብርሃን እንዲያርፍበት አድርጊ። አፉ ክብ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ከተቀመጥሽበት ሲታይ ግን ሞላላ ነው። እጅሽ የምታውቂውን ክብ ሊሥል ይሻል፣ አንቺ ዓይንሽ የሚያየውን እንዲሥል አስገድጂው። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ደግሞ ራሱን እንደቻለ ቅርጽ አድርገሽ ሣዪው፤ እሱ ሲስተካከል እጀታው ራሱ ይስተካከላል። ከዚያ ጨለማው የት እንደሚበረታ፣ የት እንደሚሳሳ ተመልከቺ። ያንኑ ጀበና ደጋግመሽ፣ ቦታውን እየቀየርሽ ሣዪ፤ ይሰለቻል፣ አውቃለሁ፣ ግን ለውጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከጀበናው ወደ ራስሽ እጅ፣ ከእጅሽ ወደ ተኙት ልጆችሽ፣ ከዚያ መንዝ ስትሄጂ ወደ እናትሽ እለፊ፤ እሺ ካሉሽ እየፈተሉ ሣያቸው።

ዕቃውን አታክብጂው። መሥሪያ ቤታችሁ ከስልጠና የተረፈ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ካለ አስፈቅደሽ ውሰጂ፤ ሰፊ ነው፣ ስሕተት አያስፈራም። 2ቢ እና 6ቢ የሚባሉት ለስላሳ እርሳሶች፣ ትንሽ ቻርኮል (የሥዕል ከሰል) ይበቃሻል። ዘይት ቀለም ግን አሁን አይሁን። በደብረ ብርሃን ብርድ መስኮት ዘግታችሁ ነው የምታድሩት፣ ቀለሙን የሚያቀጥነው ፈሳሽ ሽታ ደግሞ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ለጤና ጥሩ አይደለም፤ ቀለሙም በብርድ ቶሎ አይደርቅም። ቀለም ካማረሽ በውሃ ቀለም ጀምሪ።

ሰውን በተመለከተ፣ ከተማው ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥሉ አሉ፣ ማስታወቂያ የሚጽፉ አሉ፣ ትምህርት ቤት ሥዕል የሚያስተምሩም አይጠፉም። አንዱን ፈልጊ፣ ለጊዜው ክፈዪ፣ ንድፎችሽን ዘርግተሽ «የቱ ጋ ተሳሳትኩ?» በዪ። «ጎበዝ» ብሎ ብቻ የሚሸኝሽን ተዪው። ከወጣቶች ጋር መቀመጥ ቢመጣም አትፈሪ፤ እነሱ የእጅ ፍጥነት ይኖራቸዋል፣ አንቺ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከቁጥር ጋር ተቀምጠሽ ያዳበርሽው ትዕግሥት አለሽ።

ባለቤትሽን ስለ ሕልምሽ አታከራክሪው። ሰዓት ጠይቂው፦ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን እሱ ይያዝ፣ አንቺ በርሽን ዝጊ። ተጨባጭ ነገር ስትጠይቂው እምቢ ለማለትም እሺ ለማለትም ይቀለዋል። «ሠዓሊዋ» የሚሉሽን ደግሞ «አቤት» በያቸው።

ቁጠባሽን ለወረቀት፣ ለእርሳስና ለአስተማሪሽ ካልሆነ አትንኪው። ልጆችሽ ከፍ ብለው ያ ትምህርት ቤት አሁንም እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ፣ ንድፎችሽን ይዘሽ ያኔ ጻፊልኝ፤ ስለ ሥራ መልቀቁ ያኔ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።