የ12ኛ ክፍል ጉዞ ወዴት ይሁን?

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል የጉዞ ኮሚቴ አባላት ነን። ከማትሪክ በፊት ክፍሉ በሙሉ የሚሳተፍበት የአንድ ቀን ጉዞ ለማዘጋጀት መዋጮ መሰብሰብ ጀምረናል፤ በመድረሻው ግን መስማማት አልቻልንም። ገሚሱ እንጦጦ ፓርክ፣ ገሚሱ ቢሾፍቱ የሚገኘው ኩሪፍቱ ዋተር ፓርክ፣ ጥቂቶች ደግሞ ሶደሬ ይሁን ይላሉ። የክፍል ኃላፊ መምህራችን «ቅርቡን ምረጡ» ብለውናል። ወላጆች በበኩላቸው የውሃ ነገር ሲነሳ ቅር ይላቸዋል። በምን መስፈርት ብንመርጥ ይሻላል?

መልስ፦ የመምህራችሁ ምክር ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ቅርቡ የትኛው እንደሆነ ማስላት ያለባችሁ ከራሳችሁ ሰፈር ተነስታችሁ ነው። እንጦጦ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ደግሞ ከከተማ ውጭ በመሆኑ ብዙ ሰው እንጦጦን ቅርብ አድርጎ ያስባል። ይህ ለፒያሳ ልጅ ይሠራል። እናንተ የምትኖሩት በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ስለሆነ፣ ወደ እንጦጦ የሚወስዳችሁ አውቶቡስ ቃሊቲንና ሳሪስን አልፎ፣ መሀል ከተማውን በጠዋቱ የትራፊክ መጨናነቅ አቋርጦ፣ በመጨረሻም ዳገቱን መውጣት ይኖርበታል። በአንጻሩ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያው እናንተው ዘንድ ነው፤ ቢሾፍቱም በዚያው አቅጣጫ ላይ ትገኛለች። ሶደሬ ግን ከአዳማም አልፎ በመሆኑ፣ ፍል ውሃውና ሞቃት አየሩ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ለደርሶ መልስ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ሶደሬን ለአዳር ጉዞ ብታቆዩት ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የክፍያው ሁኔታ ነው፤ በእኛ እምነት ከርቀቱም በላይ ሊያከራክራችሁ የሚገባው ይህ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ውብ ነው፤ ሆኖም ዚፕላይኑ፣ ፈረስ ግልቢያውና ጎካርቱ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚከፈልባቸው ስለሆኑ፣ ኪሱ የሞላ ተማሪ ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ የመዋጮውን ገንዘብ በመከራ ያገኘው ደግሞ ቦርሳ ጠባቂ ሆኖ ይውላል። እንጦጦን ከመረጣችሁ፣ ሁሉም የሚሳተፍበትን አንድ ጨዋታ መርጣችሁ ዋጋውን ከመጀመሪያው በመዋጮው ውስጥ አካትቱት። የውሃ መዝናኛ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ትኬት ብዙ ያጫውታል፤ ነገር ግን የተደበቀ ወጪ አለው፤ እርሱም የዋና ልብስ ነው። በጂንስ ወይም በተራ ቲሸርት ገንዳ መግባት በብዙ ቦታ አይፈቀድም። አስቀድማችሁ ደውላችሁ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚፈቀድ፣ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ ለሚፈልጉ ሴት ተማሪዎች ምን አማራጭ እንዳለ፣ እንዲሁም ለተማሪ ቡድን የዋጋ ቅናሽ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

የወላጆቻችሁ ሥጋት ተገቢ ነው፤ የሚያሠጋው ግን በአብዛኛው ገንዳው ሳይሆን ሐይቁ ነው። የገንዳ ጥልቀት የታወቀ ነው፣ ዳርቻውም ቅርብ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች የተጠራቀሙ ስለሆኑ፣ ዳር ላይ ጉልበት የሚደርሰው ውሃ ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገቡ ድንገት ሊጠልቅ ይችላል፤ የከተማዋን ስም የያዘው የቢሾፍቱ ሐይቅ ብቻውን ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ስለዚህ ከዋተር ፓርኩ መልስ «ሆራ ወይም ባቦጋያ ጎራ ብለን እንዋኝ» የሚለው የተለመደ ሐሳብ ከወዲሁ ይቅር፤ ዳር ቁጭ ብሎ ምሳ መብላትን የሚከለክላችሁ የለም። በፈቃድ ደብዳቤውም ላይ ልጁ ዋና ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ ወላጅ ምልክት የሚያደርግበት ቦታ አዘጋጁ፤ የማይችሉትን ስም ዝርዝር አብሮ የሚሄደው መምህር በእጁ ይያዝ። የነፍስ አድን ሠራተኛ በየገንዳው መኖሩንም ሳታረጋግጡ ማንንም አታስገቡ።

ቀኑን ስትወስኑ ጾሙን አትርሱ። በሁዳዴ ብትሄዱ ምሳው ሁለት ዓይነት መሆኑ አይቀርም፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የምግቡ ጉዳይ ይቀላል፤ ክረምቱም ገና አይገባም። ረመዳን ከዚህ ጊዜ ጋር የሚገጥም ከሆነ ሙስሊም ጓደኞቻችሁን ሳታማክሩ ቀን አትቁረጡ። ከሥራ ቀናት አንዱን ትምህርት ቤቱ ከፈቀደላችሁ ደግሞ ከቅዳሜና እሑድ ግርግር ትድናላችሁ።

አውቶቡስ ስትኮናተሩ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድን ዋስትናው ያልተቃጠለ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። የፍጥነት መንገዱ ክፍያ፣ ነዳጁና የሹፌሩ አበል በዋጋው ውስጥ መካተታቸው በውሉ ላይ ይጻፍ፤ በቃል የተባለው ነገር ክፍያው በር ላይ ሲደርስ ጭቅጭቅ ያስነሳል። ትርፍ ሰው ቆሞ እንዲሄድ አትፍቀዱ።

በእነዚህ ሁሉ መመዘኛዎች ስናየው ለእናንተ የሚሻለው ቢሾፍቱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀድሞ ይጣራ፦ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰውን ጠቅላላ ወጪ፣ የዋና ልብሱን ጨምራችሁ፣ በወረቀት አስፍሩና ስም ሳይጻፍበት መክፈል የሚችለውንና የማይችለውን ጠይቁ። የማይችለው ጥቂት ከሆነ ከመዋጮው ሸፍኑለት፤ ብዙ ከሆነ ግን እንጦጦን በአንድ ጨዋታ ብቻ አድርጉትና ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። ለአውቶቡሱ ቀብድ የምትከፍሉት ይህ ቆጠራ ካለቀ በኋላ ይሁን።