ሥራ ቶሎ ይሰለቸኛል፤ ጥሪዬ አይደለም ማለት ነው?

ጥያቄ፦

መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ዕድሜዬ 27። በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ገባሁ፤ ዓመት ሳይሞላኝ አንገሸገሸኝና ለቀቅኩ። ከዚያ ሞባይል ጥገና ተማርኩ። ደንበኛ ነበረኝ፣ እሱም ሰለቸኝ። ቀጥሎ ፎቶና ቪዲዮ ጀመርኩ፤ ለካሜራው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለችው እናቴ በግ ሸጣ አግዛኛለች። አሁን ካሜራው ከቦርሳ ከወጣ ቆይቷል። በቅርቡ ሁለት ዕድል አግኝቻለሁ፤ አንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት ሒሳብ ያዥ ሆኜ መቀጠር፣ ወይም ቴክኒክና ሙያ ገብቼ የፋብሪካ ማሽን ጥገና መማር። ለማንም ያልነገርኩት ሦስተኛ አሳብም አለኝ፤ ገዳም ብገባስ እላለሁ። ሥራ ሁሉ የሚሰለቸኝ ጥሪዬ ስላልሆነ ይሆን? ሐዋርያትም መረባቸውን ጥለው ነው የተከተሉት፤ አባታችን ተክለ ሃይማኖትም አደኑን ትተው ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ስለ ጾም ጸሎቱ፣ ስለ ቅዳሴው አልነግርህም፤ እንደምታውቀው ከጽሑፍህ ያስታውቃል። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የጻፍከው ሁሉ በአንዲት አሳብ ላይ የቆመ ነው፤ «የሚሰለቸኝ ጥሪዬ ስላልሆነ ነው» በምትለዋ።

ይህችን አሳብ ከብዙ ሰው ሰምቻታለሁ። ከተማሪ፣ ከነጋዴ፣ ከነርስ፣ ትዳር ከያዘ ሰው ሳይቀር። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሥራ ደብቆ አስቀምጧል፣ እሱን እስክናገኝ ልባችን አያርፍም ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ቅር ባላቸው ቁጥር «ይኼም አይደለም» ይሉና ይነሣሉ። የሚገርመው ደግሞ ሌሎቹ ናቸው፤ ያው ስሜት ሲመጣባቸው ዓይነ ጥላ ነው፣ መተት ነው ብለው ከአንዱ አጥማቂ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ፈተና የለም አልልም፤ ጠበሉንም አትተው። ግን ሁለቱም ወገኖች መሰልቸታቸውን ከውጭ የመጣ መልእክት አድርገውታል። አንዱ ከሰማይ መጣ ይላል፣ አንዱ ከጠላት። ራሱን የሚመረምር የለም።

መሰልቸት ከሥጋና ከነፍስ የሚመጣ የሰው ጠባይ ነው። የመነኮሳት አባት የምንላቸው አባ እንጦንስ እንኳ አምልጠውት አያውቁም። በበረሃ ተቀምጠው ሳሉ አንድ ቀን መሰልቸትና የአሳብ ብዛት ከበዳቸው። «ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፤ አሳቤ ግን አልለቀቀኝም፤ ምን ላድርግ?» አሉ። ጥቂት ወጣ ሲሉ እሳቸውን የሚመስል ሰው አዩ። ተቀምጦ ይሠራል፤ ከሥራው ተነሥቶ ይጸልያል፤ ተመልሶ ተቀምጦ ገመድ ይታታል፤ ደግሞ ለጸሎት ይነሣል። የእግዚአብሔር መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አላቸው። አባ እንጦንስም ደስ ብሏቸው እንዲሁ አደረጉ።

እስቲ ይህን ቆም ብለህ አስብበት። መልአኩ ለአባ እንጦንስ አዲስ ሥራ ይዞላቸው አልመጣም። ቦታ ቀይሩም አላላቸውም። ያው በረሃ፣ ያው ገመድ፣ ያው ጸሎት ነው። ግን ደግሞ ጥርስህን ነክሰህ ቀኑን ሙሉ አንዱን ነገር ብቻ ሥራ አላለም። አንዴ ሥራ፣ አንዴ ጸሎት፤ እንደገና ሥራ፣ እንደገና ጸሎት። ለሚሰለች ሰው መለዋወጥ ያስፈልገዋል፤ መልአኩም ይህን አልከለከለም፤ መለዋወጡን በአንድ ቀን ውስጥ አደረገለት እንጂ። አንተ በየዓመቱ ሕይወትህን እየለወጥክ የምትፈልገውን ዕረፍት አባ እንጦንስ ያገኙት በየሰዓቱ እጃቸውን በመለወጥ ነው። ለአንተ ዓይነት ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምክር እኔ የለኝም።

አሁን ወደ ሐዋርያት እንሂድ። መረባቸውን የተዉት መቼ ነው? ሉቃስ ምዕራፍ 5ን እንደገና አንብበው። ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ምንም ያልያዙ ጊዜ አይደለም። ያን ጊዜማ መረባቸውን እያጠቡ ነበር፤ ለነገ ሊሠሩበት። የተዉት ሁለቱ ታንኳዎች ሊሰጥሙ እስኪደርሱ ዓሣ በሞሉበት ሰዓት ነው። ሥራቸው ከመቼውም ይልቅ በሰመረበት ሰዓት ተጠሩ፣ ተነሡ፣ ሄዱ። ጥሪው የመጣው ከጌታ አፍ ነው፤ ስምዖን በዚያች ሌሊት ከተሰማው ድካም አልመጣም። አንተ ግን ባዶውን ሌሊት ጥሪ ብለኸዋል።

አባታችን ተክለ ሃይማኖትም እንደዚሁ ናቸው። የእኛው አገር ሰው ናቸው፤ ቡልጋ፣ ጽላልሽ ነው የተወለዱት። አደኑን የተዉት ስለሰለቻቸው አይደለም፤ ለአደን በወጡበት ተጠርተው ነው። ከተጠሩ በኋላ ያለውን ደግሞ ማየት አለብህ። ሀብታቸውን ለድሆች አካፍለው ወጡ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዐ እግር ሥር፣ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር፣ ዓመታት በመታዘዝ ኖሩ። ቦታ ቀይረዋል፣ አዎ። ግን ካንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ የመጀመሪያውን ሰልችተው ጥለውት አልነበረም። ወደ ሸዋ ተመልሰው በደብረ አስቦ፣ ዛሬ ደብረ ሊባኖስ በምንለው ቦታ፣ ለጸሎት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተቆርጦ 7 ዓመት በአንድ እግር ጸለዩ። እንግዲህ ከሥራ ወደ ሥራ የሚዘልል ሰው እሳቸውን ምስክር አድርጎ ሊጠራ ይችላል?

ስለ ገዳሙ በግልጽ ልንገርህና አትቀየመኝ። አሁን ባለህበት ሁኔታ አትሂድ። ገዳም እኮ መደጋገም የበዛበት ቦታ ነው። ደወሉ በዚያው ሰዓት ይደወላል። ረድእ፣ ገና ያልመነኮሰው አገልጋይ፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይፈጫል፣ ያርሳል፤ ነገም ያንኑ ነው። «ሰለቸኝ» ስትል ደግሞ የሚሰማህ አበምኔት የለም፤ ታዘዝ ነው የምትባለው። አንድ ዓመት እንኳ ቢሮ መቀመጥ ያቃተው ሰው ዕድሜ ልኩን በዚያ እቀመጣለሁ ሲል ሌላ ሥራ እየሞከረ ነው ማለት ነው፤ የዚህኛው ስም ብቻ ከበድ ይላል። አመክሮ የተባለው፣ ከምንኩስና በፊት ያለው የመፈተኛ ጊዜ፣ የተሠራውም ለዚህ ነው፤ ሰውየው የሚሸሸው ነገር አለ ወይስ የሚፈልገው ብለው አባቶች እንዲያዩት። ምንኩስናን ስለማከብር ነው እንዲህ የምልህ።

«ታዲያ ጥሪዬ ምንድን ነው?» ትለኝ ይሆናል። የሥራ ስም አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የእግዚአብሔር ፈቃድ መቀደሳችን ነው ይላል (1ኛ ተሰሎንቄ 4፥3)። እሱ ራሱ ድንኳን ሰፊ ነበር፤ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ያንን እየሰፋ ኖሯል። ግን በአንድም መልእክቱ ድንኳን መስፋት ጥሪዬ ነው አላለም። በሰው ላይ እንዳይከብድ ሌት ተቀን ይሠራ እንደነበር ብቻ ነው የጻፈው። ደስ ይበለው አይበለው አልነገረንም። አንተ ከአንድ ሥራ እንጀራንም፣ ደስታንም፣ የሕይወት ትርጉምንም፣ የእግዚአብሔርን ድምፅም ትፈልጋለህ። የትኛውም ሥራ ይህን ሁሉ አይችልም። ከሥራ እንጀራ ጠብቅ፣ ለሰው መጥቀምን ጠብቅ፤ ሌላውን ከቅዱስ ቁርባኑ ፈልግ።

አሁን ደግሞ አንተን ላጽናናህ። ዝንባሌህ መብዛቱ ኃጢአት አይደለም። እንዲያውም ስጦታ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 31 ባስልኤል የሚባል ሰው አለ። እግዚአብሔር መንፈሱን ሞላበት ይላል። ለምን? በወርቅ እንዲሠራ፣ በብር፣ በናስ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሙያ ያዘ፤ መጽሐፍም አልነቀፈውም። ግን ወርቁም እንጨቱም የገባው ወደ አንዲት ደብተራ ኦሪት፣ ወደ እስራኤል የአምልኮ ድንኳን፣ ነው፤ ደብተራዋም ተሠርታ አለቀች። አንተም ሒሳብ ታውቃለህ፣ ሞባይል መፍታት ታውቃለህ፣ ካሜራ ታውቃለህ። የጎደለህ እነዚህ ሁሉ የሚገቡበት አንድ ቤት ነው።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ታውቀዋለህና አልደግመውም፤ ብዙ ሰውም እሱን ጠቅሶ «ጽና» ብሎህ ይሆናል። ነገር ግን የእሱ መከራ ትምህርቱ አልገባ ማለቱ ነበር። ያንተ መከራ ሌላ ነው፤ ቶሎ ይገባሃል። የጀመርከው ሁሉ በጥቂት ወር እጅህ ይገባል፤ አዲስ ነገሩ ሲያልቅ ልብህም ያልቃል። ሙያ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሠራ የመንዝ ሰው እኮ ሱፉን በአንድ ቀን መሸለት ይችላል፤ ፈትሉ ግን ረጅም ነው፣ ሽመናውም ሌላ ረጅም ነው፣ ብርዱን የሚከለክለው ግን ያለቀው ባና ብቻ ነው።

አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልንገርህ። ካሜራው በከፊል የእናትህ በግ ነው። መንዝ ላይ በግ ለአንዲት እናት ምን እንደሆነ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። «ሰለቸኝ» የምትለው ነገር ሌላ ሰው የከፈለበት ከሆነ የመሰልቸት መብትህ ይቀንሳል። ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያስላ ያለው ለአንተም ነው (ሉቃስ 14፥28)። አንተ ስትጀምር ወጪውን የሚያሰላው ሌላ ሰው ሆኗል። ይህ መቆም አለበት።

እንግዲህ ወደ ምርጫህ። በእኔ አስተያየት የማሽን ጥገናውን ተማር። የሒሳብ ሥራ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን በየወሩ ያንኑ መዝገብ መዝጋት እንዴት እንዳደረገህ አይተኸዋል፤ ያንኑ ደግመህ ገብተህ ሌላ ውጤት አትጠብቅ። ጥገና በባሕርዩ ይለዋወጣል። ዛሬ ሞተር፣ ነገ ኤሌክትሪክ፣ ከነገ ወዲያ ማንም ያላየው ብልሽት። ጠባይህን የሚያግዝ ሥራ መምረጥ ደካማነት አይደለም፤ ማስተዋል ነው። ደብረ ብርሃንም ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ሆናለች፤ እጁ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። የሒሳብ ዕውቀትህም አይጠፋም፤ ነገ የራስህን የጥገና ቤት ስትከፍት ኪሳራና ትርፉን ራስህ ታሰላለህ። ካሜራውንም አትሽጠው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ይበዛል፤ ቅዳሜና እሑድ ያዘው፣ ከቅዳሴ በኋላ ማለቴ ነው። የሳምንቱን ድግግሞሽ ያቀልልሃል፣ ለእናትህም የምትልከው ይወጣል።

ግን ይሰለችሃል። አሁኑኑ እወቀው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደስ ይሉሃል፣ ከዚያ ያችው ስሜት ትመጣለች፣ «ይኼም አይደለም» ትልሃለች። ስትመጣ አትደንግጥ፣ ጥሪዬን ሳትኩ አትበል። በሰለቸህ ቀን ግን ምንም አትወስን። አባቶች በፈተና ሰዓት ከበዓትህ፣ ከምትጸልይባት ማደሪያህ፣ አትውጣ ይላሉ። ለመልቀቅ ብታስብ እንኳ ጉዳዩን ለንስሐ አባትህ ንገርና ቀን ቁረጡ። በሁዳዴ ከሰለቸህ ፋሲካ እስኪያልፍ ጠብቅ። ከፋሲካ በኋላም በደስታህ ቀን አሳቡ ያው ከሆነ ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን። ደግሞ የንስሐ አባትህን ለኃጢአት ብቻ አትፈልጋቸው። ብዙዎቻችን የሰረቅነውንና የዋሸነውን እንነግራቸዋለን፤ ሥራ ለመልቀቅ፣ ብር ለመበደር፣ አገር ለመቀየር ስናስብ ግን ለጓደኛ ነው የምናማክረው።

ሥራ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ከሰለቸህ፣ ማለትም ምግቡም፣ ጓደኛም፣ እንቅልፍም እምቢ ካለህ፣ ይህ የሙያ ምርጫ ጉዳይ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂድ። ጠበልና ሐኪም አይጣሉም። በጽሑፍህ ውስጥ ይህን አላየሁም፤ ግን ሰው ሁሉን አይጽፍም ብዬ ነው።

ስትመዘገብ ለእናትህ ደውል። ምን እንደምትማርና መቼ እንደምትጨርስ ንገራት፣ ብር ግን አትጠይቃት። የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን ማለቴ ነው፣ ሳትወስድ አታቋርጥ፤ ብታልፍም ብትወድቅም ተፈተን። የገዳሙን ጥያቄ ከዚያ በኋላ አምጣልኝ፤ አንድ የጀመርከውን የጨረስክ ሰው ሆነህ ስትጠይቀኝ ሌላ መልስ ይኖረኛል።